ክቡን የዘጋ ብቻ እጁን ያንሳ

የመምህር ኪሮስን ዕረፍት የሰማሁት አላማጣ መናኸሪያ ውስጥ፣ ሳልሞላ አልንቀሳቀስም ባለ ሚኒባስ ላይ ተቀምጬ ነው። ስልኬ ጠራ፤ ሐዋ ነበረች።

«ሊቁ፣ የት ነህ?»

«አላማጣ። ወደ ቆቦ እየመጣሁ ነው። ምነው?»

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ቲቸር ዐረፉ። ቀብራቸው ዘጠኝ ሰዓት ነው አሉ። ዋጃ መንገድ ዳር ቆሜ እጠብቅሃለሁ፤ ወንበር ያዝልኝ።»

ሐዋ አሥረኛ ክፍል አብራኝ የተማረች፣ ዛሬ ዋጃ ውስጥ ሒሳብ የምታስተምር ሴት ናት። «ሊቁ» የሚለውን ስም ያወጣችልኝም እሷ ናት፤ ከጠረጴዛ በታች መጽሐፍ ስለማነብና ለሳቅ ስለምዘገይ። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ረዳቱ «አንድ ሰው! ቆቦ አንድ ሰው!» እያለ ደጋግሞ ጮኸ። ያ አንድ ሰው ግን አልመጣም። ሰዓቴን አየሁ፤ ደግሜ አየሁ። ከመኪናው ወርጄ ቆምኩ፤ መልሼ ገባሁ። አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት «ልጄ፣ ወንበሩ እሾህ አለው እንዴ?» አሉኝ። ያን ጊዜ ነው እንዲህ የመቅበጥበጥን ጠባይ ከማን እንደወረስኩት ያስተዋልኩት።

መምህር ኪሮስ መቀመጥ የማይችሉ ሰው ነበሩ። ረጅምና ከሲታ ነበሩ፤ በቆቦ ሙቀት እንኳ የማያወልቁት ግራጫ ኮት ነበራቸው። በክፍሉ ውስጥ ከመስኮት እስከ በር፣ ከበር እስከ መስኮት ይመላለሳሉ፤ ጠመኔውን በሁለት ጣታቸው መሃል ያሽከረክሩታል። በዋናው መንገድ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ቆም ይላሉ፤ መኪናው እስኪርቅ ያዳምጣሉ፤ ከዚያ የተቋረጠውን ዓረፍተ ነገር ከተቋረጠበት ቃል ላይ ይቀጥላሉ። አባታቸው ከደቡብ ትግራይ መጥተው ቆቦ ላይ ሱቅ የከፈቱ ነጋዴ ስለነበሩ፣ በአማርኛቸው መሃል አንዳንድ የአባታቸው ቃል ብቅ ይላል። ሴት ተማሪዎችን «ጓለይ» ይሉ ነበር፤ «ልጄ» ማለታቸው ነው።

ዐይናቸው እየጠፋ ነበር። ይህን ከመጀመሪያው መናገር ይሻላል፤ የምጽፈው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነውና። ሕመሙ ከዳር ጀምሮ ወደ መሃል የሚበላ ዓይነት ነበር። በሸንበቆ ቀዳዳ እንደሚመለከት ሰው የአንድን ተማሪ ፊት ለይተው ሊያዩ ይችሉ ነበር፤ ሰሌዳ የሚያህል ነገር ግን አንድ ላይ ሊይዙ አይችሉም ነበር። በእኛ ዓመት መግቢያ ላይ የጠመኔ መስመር ጨርሶ ጠፍቷቸው ነበር። ይህን ለትምህርት ቤቱ አልነገሩም። ቢናገሩ ከክፍል እንደሚያወጧቸው ያውቁ ነበር። ፍላጎታቸው አንድ ብቻ ነበር፤ እኛን እስከ አሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ማድረስ። ከዚያ በኋላ በራሳቸው ፈቃድ ሊያቆሙ ወስነው ነበር።

ዘመኑ የፕላዝማ ዘመን ነበር። በየክፍሉ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ትልቅ ቴሌቪዥን ትምህርቱን ከሩቅ በእንግሊዝኛ ይሰጣል፤ የክፍሉ መምህር ከፊትና ከኋላ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ያገኛል። የፕላዝማው አስተማሪ ሥዕል ይሥላል፤ ጥያቄ ይጠይቃል፤ «አሁን ሞክሩ» ይላል፤ እርሳሳችንን ሳናነሣ መልሱን ነግሮን ወደ ሌላ ያልፋል። ለእኛ መከራ የነበረው ይህ ነገር ለመምህር ኪሮስ መሸሸጊያ ሆነ፤ ሰሌዳ ላይ መሣል አይጠበቅባቸውም ነበርና። ከመስኮቱ ዘንድ ቆመው ያዳምጣሉ፤ ስርጭቱ ሲያበቃ የሰሙትን በቃላቸው በአማርኛ ይተነትኑልናል። የሰሙት ቁጥር ከአእምሯቸው አይወጣም ነበር።

እኛ ምስጢሩን ያወቅነው ግን መብራት በጠፋ ቀን ነው። ቴሌቪዥኑ ጨለመ፤ መምህሩ ጠመኔ አነሡ፤ በፊት የተጻፈ እኩልታ ላይ ሌላ እኩልታ ደርበው ጻፉ። ከኋላ በኩል ሳቅ ተጀመረ። ጀማሪው ስጦታው ነበር፤ የጎብዬ ልጅ፣ የማይሾፍበት ነገር ያልነበረው። ሐዋ ዞራ በዐይኗ ገሠጸችውና ተነሥታ፣

«ቲቸር፣ ወደ ቀኝ አንድ እርምጃ» አለች።

ሳቁ ቆመ።  መምህሩም ወደ ቀኝ አንድ እርምጃ ሄዱና ባዶው ቦታ ላይ መጻፍ ጀመሩ። ማንም ማንንም አላማከረም፤ ቃል ኪዳን የተገባው ግን በዚያች ቅጽበት ነው። ከዚያ ወዲያ ሥዕል በመጣ ቁጥር ሐዋ ቆማ ታነብላቸው ጀመር። እሳቸውም እንደ አንድ የማስተማሪያ ዘዴ አድርገው፣ «በስልክ ለሚሰማሽ ሰው እንደምትነግሪው አድርገሽ ንገሪኝ፤ ‹ይሄ› እና ‹ያ› የሚባል ቃል አልፈልግም» ይሏት ነበር። እንግዳ ሰው በበሩ ሲያልፍ ዘመናዊ ትምህርት መስሎት ያደንቅ እንደነበር አስታውሳለሁ።

ያን ዓመት የክብ ምዕራፍ ላይ ብዙ ቆየን። በክብ ዙሪያ ላይ ያለ ቁራጭ ቅስት ይባላል፤ ሙሉው ዙሪያ ሦስት መቶ ስድሳ ዲግሪ ነው። ጥያቄዎቹ ቅስቶቹንና ማዕዘኖቹን በኤክስ ሸፍነው ያቀርባሉ፤ ተማሪው በአልጀብራ ኤክስን ፈልቅቆ ያወጣል። እኛም ኤክስ እንደተገኘ በደስታ እጃችንን እናወጣ ነበር። እሳቸው ግን እጁን ያወጣውን ሁሉ በአንድ ቃል ያሳፍሩታል።

«ኤክስን ያገኘ እጁን ያውርድ። ክቡን የዘጋ ብቻ ያንሳ።»

መዝጋት ማለት ያገኙትን ኤክስ ወደ ሥዕሉ መልሶ፣ እያንዳንዱን ቅስት አስልቶ፣ ድምሩ ሦስት መቶ ስድሳ መምጣቱን ማየት ነው። «ኤክስ መንገድ ነው» ይሉ ነበር። «መንገድ ያገኘ ሰው ሁሉ ቤቱ የገባ ይመስለዋል። በረሃ የገባ መንገደኛ ሁሉ እንዲህ ብሎ ነው የጠፋው።» በኮሪደር ሲያገኙን እንኳ ሰላምታቸው «ዘጋ?» የሚል ነበር።

መብራት ሲጠፋ ወደ አውድማ ይወስዱን ጀመር። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ ማሽላ ተወቅቶ ያለቀበት የጋሽ ሰይድ አውድማ ነበር፤ በሬ የረገጠው፣ እንደ ሰሌዳ የለሰለሰ መሬት። መሃሉ ላይ ካስማ ተክለን ገመድ አሰርን፤ በገመዱ ጫፍ ዱላ ይዘን ዞርን፤ ክብ ሆነ። ጋሽ ሰይድ ኩታቸውን አጣፍተው ቆመው ያዩናል።

«እህልስ አለቀ፤ ዛሬ ደግሞ ምን ልትወቁ ነው?»

«ማዕዘን ነው፣ ጋሽ ሰይድ» አለ ስጦታው።

«እሱ ስንት ኩንታል ይወጣዋል?»

«እስካሁን ገለባው ነው የበዛው!»

መምህር ኪሮስ ሐዋን ከቁርቁራው ዛፍ ሥር፣ ስጦታውን ከትልቁ ድንጋይ አጠገብ አቆሟቸው፤ ሁለቱም የክቡ ጠርዝ ላይ ናቸው። ከዚያ ለእኔ ሁለት በትሮች ጫፍ ለጫፍ በሚስማር ተመትተው እንደ ተከፈተ መቀስ የሆነ ነገር ሰጡኝ። ከሁለቱ ማዶ፣ የጎርፍ ቦዩ ክቡን ከሚነካበት ቦታ ቆሜ አንዱን በትር ወደ ሐዋ፣ ሌላውን ወደ ስጦታው እንዳነጣጥር አደረጉና ሚስማሩን አጠበቁት። «አሁን ሳትነካካው በጠርዙ ሂድ» አሉኝ። ሄድኩ። በቆምኩበት ሁሉ አንዱ በትር ሐዋን፣ ሌላው ስጦታውን ያሳያል፤ መክፈቻው አልሰፋም፣ አልጠበበም። መጽሐፍ ላይ ብዙ ጊዜ ያነበብኩት ነገር ነው፤ በእጄ ሲሆን ግን ፈራሁት።

«አንድ ቅስት ፊት ለፊት የያዙ ሰዎች» አሉ መምህሩ ሩጫ በሚመስል እርምጃ እየዞሩ፣ «ከቅስቱ ማዶ ጠርዙ ላይ እስካሉ ድረስ የትም ይቁሙ የት፣ በእኩል ማዕዘን ያዩታል። መሃሉ ላይ የቆመ ግን እጥፍ ያያል።»

«እንግዲያ እርስዎ መሃል ይቁሙዋ!» አለ ስጦታው።

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳለ የገባው። ሁላችንም ደረቅን። ሐዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች። መምህር ኪሮስ ቆሙ፤ ዞሩ፤ ድምፁ ወደ መጣበት ፊታቸውን አቀኑና በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቀውን ሳቅ ሳቁ። ዐይናቸውን እስኪጠርጉ ድረስ ሳቁ። ከዚያ ገመዱን ይዘው፣ በእጃቸው እየለኩ፣ ሄደው መሃል ላይ ቆሙ።

በዚያው ቀን የጋሽ ሰይድ በሬዎች መስመራችንን ረግጠው አጠፉት። «በቃ፣ ጠፋ» ስንል፣ «ሦስት ሰው ቦታውን ካልለቀቀ ክብ አይጠፋም» አሉ። እውነትም ከሐዋ፣ ከስጦታውና ከእኔ መቆሚያ እኩል የሚርቀውን ነጥብ ፈልገን መሃሉን መልሰን አገኘነው፤ ልክ በካስማው ጉድጓድ ላይ ወደቀ።

የተፈራው የመጣው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ነው። ከበላይ ቢሮ የትምህርት ተቆጣጣሪ መጣ፤ ወጣት፣ ትሑት፣ ክራቫት ያሠረ ሰው። የእኛ ክፍል በር ላይ ሲደርስ መብራት የለም። ፕላዝማው ጨልሟል።  ጀርባችን ሁሉ ቀጥ አለ፤ የሐዋ ጣቶች በነጠላዋ ጫፍ ላይ ይቋጠራሉ፣ ይፈታሉ። ሁላችንም የምናውቀው አንድ ነገር ነበር፤ ይህ ሰው ዛሬ ካወቀ መምህር ኪሮስ ነገ ከክፍላችን ይወጣሉ።

ሰውየው ፈቃድ ጠይቆ ጠመኔ አነሣና ራሱ ሥዕል ሣለ። «መምህር፣ በዚህ ጥያቄ ተማሪዎቹን እንዴት እንደሚመሩ ልይ» አለና ወደ ኋላ ሄዶ ተቀመጠ።

«ሐዋ» አሉ መምህሩ፣ እንደ ዘወትሩ።

ሐዋ ተነሣች።  «ክብ ነው። ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ በተራ ጠርዙ ላይ አሉ። ከኤ ወደ ሲ አንድ መስመር፣ ከቢ ወደ ዲ አንድ መስመር ተሠርቷል፤ ውስጥ ላይ ይቋረጣሉ። መቋረጫው ላይ ወደ ኤ ቢ ቅስት የሚያየው ማዕዘን ስድሳ አምስት ዲግሪ ነው። ኤ ቢ አራት ኤክስ። ቢ ሲ አምስት ኤክስ ሲደመር ሃያ። ሲ ዲ ሁለት ኤክስ ሲደመር ሰባ። ዲ ኤ ስድስት ኤክስ ሲቀነስ አሥር።»

መምህሩ መመላለስ ጀመሩ። «መቋረጫ ላይ ያለ ማዕዘን፣ ከፊቱና ከጀርባው ያሉት ቅስቶች ድምር ግማሽ ነው። ስለዚህ የሁለቱ ድምር የስድሳ አምስት እጥፍ፣ መቶ ሠላሳ ይሆናል። አራት ኤክስና ሁለት ኤክስ፣ ስድስት ኤክስ። ሲደመር ሰባ። ስድስት ኤክስ ስድሳ ነው። ኤክስ?»

«አሥር!» አልን በአንድ ድምፅ። ጥርት ያለ ቁጥር ነበር፤ ደስ ይል ነበር። ብዙ እጅ ወጣ። ዞር ብዬ ተቆጣጣሪውን አየሁት፤ ግንባሩን ቋጥሯል።

«ኤክስን ያገኘ እጁን ያውርድ» አሉ መምህር ኪሮስ።

እጆች ወረዱ። እሳቸው በጣታቸው አየር ላይ እየቆጠሩ ክቡን ዞሩ። «ኤ ቢ አርባ። ቢ ሲ ሰባ። ሲ ዲ ዘጠና። ዲ ኤ ሃምሳ።» ቆሙ። «ሁለት መቶ ሃምሳ። መቶ አሥር ጎደለ።»

እዚህ ላይ ነው መምህር ኪሮስን ለዘላለም ያወቅኋቸው። መውጫ በር ነበራቸው፤ እንዲያውም ሁለት። «ጥያቄው ስሕተት አለበት» ብለው ለሰውየው መመለስ ይችሉ ነበር። «ይህች ልጅ አሳስታ አነበበች፣ ተቀመጪ» ብለው በሐዋ ላይ ሊጥሉት ይችሉ ነበር። በሁለቱም ምስጢራቸው ይጠበቅላቸው ነበር። እኛም በልባችን እንዲህ እንዲያደርጉ እንለምናቸው ነበር ብል አልዋሸሁም። እሳቸው ግን ጠመኔውን ማሽከርከር ትተው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ቦታ ረግተው ቆሙ።

«አንድ ቁጥር በሌላ መልክ ደርሶኛል። ሐዋ፣ እስኪ ደግመሽ አንብቢልኝ።»

ደግማ አነበበች። ያው ነበር።

«ሰሌዳው ላይ ሁለት ዓይነት ሊነበብ የሚችል አሐዝ አለ?»

 ከዚያ ከኋላ፣ ከተቆጣጣሪው አጠገብ፣ ስጦታው በቀስታ፣ «ቲቸር... ሰባው አሥርም ይመስላል። አንዱ ቆብ አለው» አለ።

ማንም አልሳቀም። ሰውየው ያቺን አንድ ሲጽፍ ራሷ ላይ ረዘም ያለ ጭረት አድርጎባት ነበር።

«አሥር ይሁን። ስድስት ኤክስ ሲደመር አሥር፣ መቶ ሠላሳ። ኤክስ ሃያ። ሰማንያ፣ መቶ ሃያ፣ ሃምሳ፣ መቶ አሥር።» ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። «ሦስት መቶ ስድሳ። ዘጋ። አሁን እጃችሁን አንሡ።»

እጃችንን አነሣን፤ ሁላችንም። ተቆጣጣሪው ከተቀመጠበት ተነሣ። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም፤ የገረመው ሰው ድምፅ ነበር።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሰሌዳው አጠገብ ነው ያሉት። ለምን ራስዎ አልተመለከቱትም?»

«ስለማይታየኝ ነው» አሉ።

በመንገዱ ላይ ከባድ መኪና አለፈ። እሳቸው እንደ ልማዳቸው እስኪርቅ ጠበቁ፤ ከዚያም ቀጠሉ። «ዘንድሮ ሰሌዳውን አላየሁትም። እነዚህ ልጆች ናቸው ያዩልኝ።»

 ሰውየው ሲወጣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣቸው። ያየውን ሳያሳውቅ መቅረት ግን አይችልም ነበር፤ እሳቸውም አልለመኑትም። በሳምንቱ መምህር ኪሮስ ወደ ቤተ መጻሕፍት ተዛወሩ፤ ሊያነብቧቸው በማይችሉ መጻሕፍት መሃል ተቀመጡ። ተቀመጡ ስል ግን ልማድ ሆኖብኝ ነው፤ እዚያም በመደርደሪያዎቹ መሃል ይመላለሱ ነበር። እኛ ዘንድ የመጣው አዲሱ መምህር ጎበዝ ነበር፤ ኤክስን ያገኛል፤ ያሰምርበታል፤ ወደሚቀጥለው ያልፋል። በዚያ ሁሉ ጊዜ እግሬ ከጠረጴዛው ሥር አላርፍ ይለኝ ነበር፤ ክፍሉ በሙሉ ያልተዘጉ ክቦች የሞሉበት ይመስለኝ ነበር።

ሐዋ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ስታለቅስ አገኘኋት። አብረን ገባን። «እኔ ነኝ ያስወጣሁዎት፤ ሰባት ብዬ ያነበብኩ እኔ ነኝ» አለቻቸው። እሳቸው ድምፅዋን ተከትለው መጡና ከፊቷ ቆሙ።

«ጓለይ፣ አንቺ ያየሽውን ነው ያነበብሽው። ሳላይ እንዳየ ሰው የቆምኩት እኔ ነኝ። ያ መዘጋት ነበረበት።» ከዚያ ወዲያው፣ ዕንባዋን ሳትጠርግ፣ «ከትምህርት በኋላ ጋሽ ሰይድ አውድማውን ይፈቅዱልናል?» አሏት።

ጋሽ ሰይድ ፈቀዱ። «መቼም የእናንተ ምርት ጎተራ አይሞላ፤ ግቡ» አሉ። እስከ ፈተናው ዋዜማ ድረስ፣ ሙቀቱ ሲበርድ፣ እዚያ ተገናኘን። ሰሌዳ የለም፤ ተቆጣጣሪ የለም። ሥዕሉ እኛው ነበርን። አንዱ ኤ ይሆናል፣ አንዷ ቢ፤ ቅስቱን በእግራችን እንሄደዋለን፤ እሳቸው መሃሉ ላይ ገመዱን ይዘው ይቆማሉ፤ ገመዱ ሲላላ ከጠርዝ የወጣውን ስሙን ጠርተው ይመልሱታል። በመጨረሻው ቀን ምርቃት ስንጠብቅ ያሉን ይህን ብቻ ነበር። «ነገ ማንም ለማንም አያነብም። የገዛ ዐይናችሁንም ቢሆን ሳትዘጉ አትመኑት።» እስከ ፈተናው አደርሳችኋለሁ ያሉትን አደረሱ። ውጤት ሲመጣ ግማሻችን አለፍን፤ ግማሻችን ቀረን። እሳቸው ያለፈውንም የቀረውንም የጠየቁት አንድ ቃል ነበር፤ ያንን ታውቁታላችሁ።

ሚኒባሱ ዋጃ ሲደርስ ሐዋ ረጅም ነገር በጨርቅ ጠቅልላ ይዛ ገባች። አጠገቤ ተቀመጠች።  በኋላ በመስኮቱ እያየች፣

«ታውቃለህ ሊቁ፣ ያን ሰሌዳ ዛሬም ዐይኔን ስጨፍን ይታየኛል። ዛሬም ሰባት ነው» አለች።

«እኔም ከፊተኛው ወንበር ነበርኩ። ሰባት ነበር» አልኳት።

«ታዲያ እሳቸው እንዴት...»

አልጨረሰችውም። «ክቡን ዘግተው ነዋ» አልኳት።

ቆቦ ስንደርስ ቀብሩ አምልጦን ነበር። የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ገብተን፣ ባለቤታቸውን እጅ ነሥተን፣ ከሰው ጋር ተቀመጥን፤ ግን መቀመጥ አልሆነልኝም። ሐዋም እንደኔው ነበረች። ሳንነጋገር ተነሣንና ወደ ትምህርት ቤቱ ጀርባ ሄድን። አውድማው የለም። ጋሽ ሰይድ ካለፉ ወዲህ መሬቱ ተሸንሽኖ ቤት ተሠርቶበታል፤ የባጃጅ መንገድ ገብቶበታል። ቁርቁራው ግን ከአንድ ግቢ ጥግ ቆሟል። ትልቁ ድንጋይም አልተነሣም፤ ልጆች ይንሸራተቱበታል። የጎርፍ ቦዩ በቆሻሻ ተሞልቶ በቦታው አለ።

ሐዋ ጨርቁን ፈታች። እነዚያ ሁለት በትሮች ነበሩ፤ ሚስማሩ ዝጓል። ተማሪዎቿን እስካሁን በእሱ እንደምታስተምር ነገረችኝ። ሄዳ ከቁርቁራው ሥር ቆመች። እኔ ቦዩ ዳር ቆምኩ። በመካከላችን አጥር፣ ልብስ የተሰጣበት ገመድ፣ የሚጮኽ ዶሮ አለ።

«ሁለት ነን» አለችኝ ጮክ ብላ። «በሁለት አይሆንም።»

ከጎብዬ በኩል የመጣ ባጃጅ አቧራውን እያስነሣ ቆመ። ስጦታው ወረደ፤ ወፍሯል፤ ጥቁር ልብስ ለብሷል። ድንኳኑ ጋ ሲያጣን የት እንደምንሆን ማንንም አልጠየቀም። እኛን አየ፤ የቆምንበትን አየ፤ ሰላምታም ሳይሰጠን ልጆቹን «እስቲ አንዴ» ብሎ አስነሣና ከድንጋዩ አጠገብ ሄዶ ቆመ።

ሦስታችንም በየቦታችን ሆነን መሃሉን በዐይናችን ፈለግን። መሃሉ ከማናውቀው ሰው የቆርቆሮ አጥር ውስጥ ወደቀ። አንዲት ሴት ልብስ ከገመድ እያወረደች በግርምት ታየናለች። ስጦታው ወደዚያ ሲያይ ቆየ። ከንፈሩ ሲንቀጠቀጥ ቀልድ ሊያመጣ መስሎኝ ነበር።

«እሳቸው መሃል ይቁሙ» አለ።

ሐዋ በትሮቹን ወደ ላይ አነሣች። ማናችንም ከቦታችን አልተንቀሳቀስንም።